ስም ያልጠሩት ሽማግሌዎች

ፍኖተ ሰላም ላይ መብራት የሚጠፋው ኮምፒውተሩ ተነሥቶ፣ የይለፍ ቃል ጠይቆ፣ ተማሪው ጣቱን አፍታቶ ልክ ሊጀምር ሲል ነው። ቀደም ብሎ ቢጠፋ ማንም ተስፋ አያደርግም፤ ዘግየት ብሎ ቢጠፋ ደግሞ ቢያንስ የተሠራ ነገር ይኖራል። ሕሊና ዓለምብርሃን በሙያ ኮሌጁ ፕሮግራሚንግ ማስተማር በጀመረች በሁለተኛው ዓመት ይህን ነገር እንደ ዝናብና እንደ ስብሰባ ተቀብላው ነበር። መብራት ሲሄድ ተማሪዎቿን ይዛ ወደ ሜዳው ትወጣለች። ስልተ ቀመር ማለት፣ ትላለች፣ አንድ ሥራ ከመነሻው እስከ መድረሻው የሚሠራበት የማያወላዳ ቅደም ተከተል ነው፤ ኤሌክትሪክ ይኑረው የሚል የትም አልተጻፈም።

ያን ቀን፣ በ2004 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ፣ ያወጣቻቸው መደርደርን ልታስተምር ነው። ተማሪዎቹ እንደመጣላቸው በአንድ መስመር ቆሙ። ሕጉ ቀላል ነበር፦ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሰዎች ይተያዩ፤ የረዘመው ወደ ቀኝ፣ ያጠረው ወደ ግራ ይሁን፤ እንዲህ እየተቀያየሩ ከግራ ዳር እስከ ቀኝ ዳር ይዝለቁ፤ የሚቀያየር ሰው እስኪጠፋ ድረስም ከመጀመሪያው ይደግሙት። እሷ ግራው ዳር ላይ ቾክ ይዛ ቆማለች።

በዚህ መሀል ቦርሳ ያነገተ አንድ ልጅ በበሩ ገባና ሜዳው ጫፍ ላይ ቆሞ ያይ ጀመር። ሕሊና አርፋጅ አትወድም።

«አንተ፣ መቆምህ ካልቀረ ሰልፉ ውስጥ ቁም» አለችው።

ልጁ ወደ ኋላው ዞሮ ሌላ ሰው አለመኖሩን አረጋገጠ። ቦርሳውን መሬት አስቀመጠና ቀኝ ዳር፣ ከረጃጅሞቹ ጎን ተሰለፈ።

በዚህ አደራደር አንድ የታወቀ ነገር አለ። ግራ ዳር የተገኘ ረጅም ሰው በአንድ ዙር ሰልፉን ሁሉ አቋርጦ ቀኝ ዳር ይደርሳል። ቀኝ ዳር የተገኘ አጭር ግን በየዙሩ አንዲት እርምጃ ብቻ ነው የሚፈቀድለት። ልጁ ደግሞ አጭር ነበር፤ ከሰልፉ ሁሉ አጭር። ስለዚህ ዙሩ በተደገመ ቁጥር አንድ ሰው እያለፈ፣ አንድ እርምጃ እየቀረበ መጣ። ሕሊና መጀመሪያ ልብ አላለችውም። መሀል ላይ ሲደርስ ዐይኑ የረጋ መሆኑን አየች። ጥቂት ሰዎች ሲቀሩት ጺሙን አየች፤ የአንደኛ ዓመት ተማሪ እንዲህ ያለ ጺም የለውም። አጠገቧ ሲደርስ ግንባሩ አልቦት፣ ጫማው አቧራ ለብሶ፣ እጁን ወደ ኪሱ ሰድዶ የታጠፈ የምደባ ደብዳቤ አወጣ።

«ስመኘው እባላለሁ» አላት። «የገበዝ ማርያም ልጅ ነኝ። እዚሁ ክፍል እንዳስተምር ተመድቤ ነው የመጣሁት።»

ተማሪዎቹ ሳቁ። ሕሊና ግን አፈረች፤ ስታፍር ደግሞ ትቆጣለች። ታዲያ ይህን ከመነሻው አይናገሩም ነበር ወይ አለችው፣ ገና አሁን ወደ አንቱታ ተሻግራ።

«ሥራ ላይ ነበራችሁ። ደግሞ የት እንደሚያደርሰኝ ማየት ፈለግሁ።» ወደ መጣበት ወደ ቀኝ ዳር ዞሮ አየ። «ግን ቲቸር፣ ከዚያ እዚህ ለመድረስ ይኸን ያህል መመላለስ አያስፈልግም ነበር። ሰልፉን ለሁለት ከፍሎ፣ ለየብቻ ደርድሮ፣ ኋላ ማዋሐድ ይሻላል።»

«ይሻላል። እሱ የሚቀጥለው ሳምንት ትምህርት ነው። እርስዎ የቸኮሉ ተማሪ ይመስላሉ።»

ለሁለቱ የተሰጣቸው ቢሮ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ነበረው፤ ከወንበሮቹም አንዱ ባለ ሦስት እግር። ቀድሞ የገባ በደህናው ይቀመጥ ተባባሉ። በማግስቱ ሕሊና ስትገባ ስመኘው ቀድሟታል፤ የተቀመጠው ግን በባለ ሦስት እግሩ ላይ ነው፣ ለሚዛኑ አንድ እጁን ግድግዳው ላይ አስደግፎ። በሣልስቱም እንደዚያው። እሷ አየች። በሳምንቱ ከአናጺ ቤት አንድ ቁራጭ እንጨት አምጥታ በጎደለው እግር ቦታ አቆመችው።

በዚያ ዓመት አገሩ ሁሉ በአንድ ለአምስት ይደራጅ ነበር። መምህሩም፣ ተማሪውም ተደራጀ። የኮሌጁ ዘበኞች አራት ብቻ ሆነው ቢገኙ ሁለት አትክልተኞች ተጨምረውላቸው ለውጡን ተቀላቀሉ። ስመኘው ዛፍ የሚባለውን የመረጃ አወቃቀር ለማስተማር ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አልሄደም፦ ላይ አንድ፣ ከሥሩ አምስት፣ ከያንዳንዳቸው ሥር ደግሞ አምስት አምስት። የኮምፒውተር ሰው ዛፍ ሲስል ሥሩን ወደ ሰማይ፣ ቅጠሉን ወደ መሬት ነው፤ ተማሪዎቹ ይህን ለመቀበል ምንም አልተቸገሩም። አንዱ የሥሩ አባት ማነው ብሎ ጠየቀ። ስመኘው ሥር አባት የለውም ብሎ መለሰ። ከኋላ የተቀመጠ ሌላው ግን «አለው፤ ወረዳ ነው» አለ። ወሬው ለዲኑ ደረሰ፤ ዲኑም ስመኘውን ጠርተው በለስላሳ አንደበት አነጋገሩት። ከዚያ ወዲህ ስመኘው ስለ ዛፍ ሲያስተምር ዋርካ እንጂ ሌላ አልጠቀሰም። ሕሊና ይህን ባሰበች ቁጥር ብቻዋን ትስቃለች፤ ሰው ብቻዋን የምትስቅ ሴት ምን እንደያዛት ያውቃል፣ እሷ ግን ለጊዜው የያዛት ሳቅ ብቻ መስሏት ነበር።

ዓርብ ዓርብ ከሥራ በኋላ ወደ ቡሬ፣ ወደ ወላጆቿ ቤት ትሄዳለች። ስመኘው እስከ መነኻሪያ መሸኘት ጀመረ። መንገድ ላይ አንድ ነገር ሊነግራት ይነሣል፤ ስለ ፈተና ይጀምራል፣ ከፈተናው ወደ ሰው ልጅ ጠባይ ይሻገራል፣ ከሰው ልጅ ጠባይ ወደ ብቸኝነት ይጠጋል፣ ልክ ሊደርስ ሲል እንደገና ወደ ፈተናው ይመለሳል። እንዲህ እየሆነ ክረምቱ አለፈ፤ በቀጣዩ መስከረም አንድ ዓርብ ሚኒባሱ ውስጥ ገብታ በመስኮቱ በኩል ተመለከተችው።

«ራሱን የሚጠራ ፕሮግራም ስታስተምር ለልጆቹ ምን ትላቸዋለህ?»

«ማቆሚያ ካልተሰጠው ዝንተ ዓለም ራሱን ሲጠራ ይኖራል እላቸዋለሁ።»

«ያንተ ወሬስ ማቆሚያ የለውም?»

ረዳቱ በሩን ዘጋ። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ። መኪናው ሲንቀሳቀስ ስመኘው ከጎኑ ጥቂት ተራመደ።

«አለው» አለ። «አንቺ ነሽ።»

በአማርኛ እስከ ዛሬ ከተነገሩት የፍቅር ቃላት ሁሉ ይህ ደረቁ ሳይሆን አይቀርም። ሕሊና ግን የሙያው ሰው ነበረች። እስከ ቡሬ መንገዱን ሁሉ መስኮት መስኮቱን እያየች ሄደች፤ የቱን አገር እንዳለፈች ብትጠየቅ ግን አታውቅም።

አሁን ስለ ሕሊና ወላጆች ቤት እንናገር፤ ነገሩ የሚጠነክረው እዚያ ነው።

አባቷ መሪጌታ ዓለምብርሃን ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ የሚናገሩት ጥቂት፣ የሚያዳምጡት ብዙ የሆኑ ሰው ናቸው። ከሚስታቸው ከወይዘሮ አልጣሽ ሁለት ሴቶች ልጆች አሏቸው። ታላቂቱ እታለም ትምህርቷን ከአሥረኛ ክፍል ትታ ገበያው ዳር የበርበሬ መጋዘን ከፍታለች። ቡሬ የበርበሬ አገር ናት፤ የእታለምን መጋዘን የማያውቅ ነጋዴ ደግሞ ቡሬን አላየም። ቁመተ ሎጋ፣ ምላሷ ስለታም፣ ሚዛኗ የማያዳላ ነበረች። ሠላሳ ዓመት ልትሞላ ምንም ያህል አልቀራትም፤ አላገባችም። መጀመሪያ መጀመሪያ ጠያቂ ሲመጣ መሪጌታ ያማርጡ ነበር፤ ኋላ ግን የሚመረጥ አልመጣም።

የቤቱ ሕግ አንድ ነው፦ ታላቅ ሳትወጣ ታናሽ አትወጣም። ሕሊና ይህን ለስመኘው ስታስረዳው በሁለቱም ቋንቋ፣ በቤቱም በኮምፒውተሩም፣ የታወቀ ነገር ሆኖ አገኙት። ወረፋ ነው። ከኋላ ይገባል፣ ከፊት ይወጣል፣ ከመካከል መዝለል የለም። ቁልል ቢሆን ኖሮ መጨረሻ የተጫነው መጀመሪያ ይነሣ ነበር።

«አባትሽ ቁልል ቢሆኑ እስካሁን ወልደን ነበር» አለ ስመኘው።

እሷ ብዙ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ። አባቷን በዚህ ሕጋቸው የምትወቅሳቸው አልነበረችም፤ ሕጉ እታለምን ከማፈር የሚጠብቅ አጥር መሆኑን ታውቃለች። ታናሽ ቀድማት የወጣች ሴት በቡሬ ገበያ ውስጥ ምን እየተባለች እንደምትኖርም ታውቃለች። ስለዚህ ለእህቷ አልነገረቻትም። ዛሬ ነገ ስትል አንድ ወር፣ ሌላ ወር ሆነ።

ስመኘው በበኩሉ ሕሊናን በአገሯ፣ በነጠላዋ ለማየት ሲል ቅዳሜ ቅዳሜ ቡሬ ይወርድ ጀመር። ሰው ያለ ምክንያት ገበያ አይቆምምና ከእታለም መጋዘን በርበሬ ይገዛል። ሕሊና ከጓዳ ብቅ ብላ እንደ ማንኛውም ባልደረባዋ ሰላም ትለዋለች፤ እሱ ለዚያች ሰላምታ ይከፍላል። እስኪመዘን ከእታለም ጋር ያወራል፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ዘንድሮ ዛላ። ለማንም ከሚዛን ውጪ አንዲት ፍሬ የማትጨምረው እታለም ለእሱ ምርቃት ጣል ታደርግለት ጀመር። ሕሊና ይህንንም አየች፤ ንግድ ነው ብላ አለፈችው።

ጥር ሲገባ ስመኘው ሽማግሌ ላከ። የሽማግሌዎቹ አለቃ አጎቱ አያ ወልደ ሥላሴ ነበሩ፤ ከገበዝ ማርያም ከሁለት ጎረቤቶቻቸው ጋር ሙሉ ቀን ተጉዘው መጡ። ስመኘው አስቀምጦ አስረድቷቸዋል፦ የምትጠየቀው ሕሊና፣ ታናሺቱ ናት፤ ታላቂቱ ስላለች አባትየውን በትሕትና ተራ እንዲያሳልፉ መለመን ያስፈልጋል። አያ ወልደ ሥላሴ ራሳቸውን ነቀነቁ። እሳቸው ግን የሽምግልና ነገር በደረጃ ነው የሚያምኑት። በመጀመሪያው ቀን የቤቱ ደጅ ይጠናል፣ ልጅ ይጠየቃል፤ የትኛዋ ማለት በሁለተኛው ቀን የሚመጣ ነው። ገና ከደጅ የሰውን ሴት ልጅ ስም አንሥቶ መጥራት በእሳቸው አገር በቋሪት ነውር ነው፤ ዕቃ እንደ መምረጥ ይቆጠራል።

እናም መሪጌታ ፊት ቆመው፣ ቁጭ በሉ ቢባሉ እምቢ ብለው፣ ልጅዎን ለልጃችን አሉ። የማን ልጅ እንደሆነ ተናገሩ፤ ትውልዱን ቆጠሩ፤ ኮሌጅ አስተማሪ መሆኑን፣ መጠጥ የማይደፍር መሆኑን ገለጹ። ስም አልጠሩም።

ሕሊና ጓዳ ውስጥ ሆና ትሰማለች። አሁን ይጠራሉ፣ አሁን ይጠራሉ ስትል መሪጌታ መቋሚያቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ተራው የደረሰውን እግዜር ያውቃል» አሉ። «ሰጥቻለሁ።»

ማንም ፕሮግራም የጻፈ ሰው እዚህ ላይ የሆነውን ያውቀዋል። ወረፋን አንድ ስጠኝ ካሉት የሚሰጠው የፊተኛውን ነው። ስህተት አልሠራም። የተጠየቀውን ነው ያደረገው።

ወይዘሮ አልጣሽ እልል አሉ። መሪጌታ «እታለም፣ ነይ ሽማግሌዎቹን እጅ ንሺ» ብለው ተጣሩ። አያ ወልደ ሥላሴ የተነገራቸው ስም ሌላ እንደነበር ትዝ ሳይላቸው አልቀረም፤ ግን በጎጃም አንዲት ልጅ የእናት ስም አላት፣ የአያት ስም አላት፣ የክርስትና ስም አላት። ከነዚያ አንዱ ነው ብለው ጉንጯን ስመው መረቋት። እታለም አንገቷን ደፍታ ወጣች፤ ወደ ጓዳ ስትመለስ ሕሊናን ክንዷን ጨብጣ ያዘቻት።

«ጠርጥሬ ነበር» አለቻት በጆሮዋ። «ወንደላጤ በየሳምንቱ በርበሬ ምን ያደርግለታል።»

ማታውን አያ ወልደ ሥላሴ ለስመኘው ስልክ ደወሉ። ሰጡን አሉት። ምን የመሰለች ልጅ መሰለችህ፣ ቁመቷ ካንተ ቢበልጥም አትፈር፣ የበርበሬ ነጋዴ ናት፣ ቤትህ አይጎድልም አሉት። ቢሮ ውስጥ ወሬ ሲጠብቅ ያመሸው ስመኘው ስልኩን እንደያዘ ባለ ሦስት እግሩ ላይ ቁጭ አለ። እንጨቱ ባይኖር ይወድቅ ነበር።

ሰኞ ቢሮ ውስጥ ተገናኙ። ስመኘው አንድ ጊዜ ቁሞ፣ አንድ ጊዜ ተቀምጦ መፍትሔ ደረደረላት። ዛሬውኑ ሄዶ መሪጌታ እግር ላይ ይወድቃል፤ ወይም አያ ወልደ ሥላሴ ተመልሰው ይሄዱና ያርማሉ፤ ወይም ለእታለም ሌላ ባል ይፈለግና ወረፋው በፍጥነት ይንቀሳቀሳል። ሁለት ነገር ለማቀያየር ሦስተኛ ባዶ ቦታ ነው የሚያስፈልገው እያለ በጣቱ ጠረጴዛው ላይ ሣለላት።

«ስህተት ነው የተፈጠረው፤ ስህተት ደግሞ ይታረማል» አለ በመጨረሻ።

«ስህተት የምትለው እህቴን ነው።»

«እሷን አላልሁም፣ ሕሊና።»

«ትናንት ፀጉሯን ቅቤ ተቀብታለች። መጋዘን ውስጥ ስታንጎራጉር ሰማኋት። ሃያ ስድስት ዓመት አብሬያት ስኖር ስታንጎራጉር ሰምቻት አላውቅም። አሁን ‹አንቺን አይደለም› ተብላ በቡሬ ፊት ትታረም?»

ስመኘው ጠረጴዛው ላይ የሣለውን በመዳፉ አበሰው። ከፈለግሽ እኔ አገሩን ለቅቄ እጠፋለሁ፣ ከዳ ይበሉኝ አለ። እሷም፣ ያም እህቴን ማዋረድ ነው አለችው። ደግሞስ እኔስ? አላለችም፤ ልትል ግን ከንፈሯ ተከፍቶ ነበር። መስኮቱ ሥር ተማሪዎች ያልፋሉ። ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ከብበው፣ አንዱ የሌላውን እጅ ሳይነካ፣ ደወሉ እስኪደወል ተቀመጡ።

አያ ወልደ ሥላሴ ነገሩን ከስመኘው ሲሰሙ እንጀራ አልበላ አላቸው። ግን ከአባት አፍ ቃል ወጥቷል፤ የወጣ ቃል እንዴት ወደ አፍ እንደሚመለስ እሳቸውም፣ ጎረቤቶቻቸውም አያውቁም። የሠርግ ቀን ለመቁረጥ ተመልሰው የሚመጡበት ዕለት ተቀጥሯል። እስከዚያ ሁለት ሳምንት አለ።

ሕሊና ሁለቱን ሳምንት ልትናገር ተነሣች፣ ተቀመጠች። የራሷን ወሬ ማቆሚያ ያጣችው አሁን እሷ ሆነች። በመጨረሻው ቅዳሜ፣ ሽማግሌዎቹ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ መጋዘኑ ውስጥ ከእታለም ጋር ጆንያ ላይ ተቀምጠው ዛላ ይቀነጥሳሉ። እታለም ስለ ቀሚስ ታወራለች፤ ነጭ ይሁን ወይስ ዳሩ አረንጓዴ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ ምረጪልኝ ትላለች።

«እትዬ» አለች ሕሊና። «ስመኘው ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጣው እኔን ለማየት ነበር።»

የእታለም ጣቶች አልቆሙም። አንድ ዛላ ቀነጠሰች፣ ሌላ አነሣች።

«ሽማግሌዎቹስ?»

«ለኔ ነበር የተላኩት። ስም ሳይጠሩ ቀሩ። አባ ደግሞ ተራ ጠብቀው ሰጡ።»

ውጪ የአህያ ጭነት ሲራገፍ ይሰማል። እታለም የቀነጠሰችውን ወደ ሰፌዱ ወረወረች።

«በርበሬውን ምን ያደርገዋል?»

«የቱን?»

«የሚገዛኝን። በየሳምንቱ።»

ሕሊና ልትዋሽ አሰበች፤ አልሆነላትም። «ወጥ አይሠራም። አልጋው ሥር በፌስታል በፌስታል ተቀምጧል።»

«አልቀመሰውም?»

«አልቀመሰውም።»

«ምርቃት ጨምሬለት ነበር» አለች እታለም።

ዐይኗ ቀልቷል፤ የሕሊናም ቀልቷል። በርበሬ ቤት ውስጥ እንባውን እንዲያስረዳ የሚጠየቅ ሰው የለም፤ ይህ የሙያው ደግነት ነው። በኋላ እታለም በክንዷ ዐይኗን ጠረገችና ቀድሞ ለነጋዴ በምትናገርበት ድምፅ ተናገረች።

«ለአባ ነግረሻል?»

«አልነገርሁም።»

«እንዳትነግሪ። ያንንም ልጅ አፉን ይያዝ በይው። ነገ አንቺ ከጓዳ አትውጪ።»

ሕሊና ምን ልታደርጊ ነው ብላ ጠየቀቻት። እታለም ሰፌዱን አንሥታ ፍሬውን ከገለባው ትለይ ጀመር።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጡ። አያ ወልደ ሥላሴ ፊታቸው የለቅሶ ቤት ሰው ይመስል ነበር። ጠላ ቀረበ። ወደ ነገሩ ሳይገቡ ስለ ከብትና ስለ ዘመን ብዙ ተወራ። መሪጌታ በሉ እንግዲህ ቀኑን እንቁረጥ ሲሉ እታለም ሳትጠራ ገባች። ያልተጠራች ሴት ሽማግሌ ፊት ስትገባ በዚያ ቤት የመጀመሪያው ነው። የያዘችውን የጠላ ማድጋ መሬት አስቀምጣ ነጠላዋን አጣፋች።

«አባ፣ እኔ አላገባም።»

ወይዘሮ አልጣሽ ደረታቸውን መቱ። መሪጌታ ግን ድምፃቸውን አልጨመሩም።

«ሰጥቼ ነበር እኮ፣ ልጄ። ሰው ሰምቷል።»

«ይስማ። እምቢ አለች ይበሉኝ። መጋዘኔን ጥዬ ፍኖተ ሰላም አልሄድም። ባል ካማረኝ በርበሬ ሊገዛ የሚመጣ ወንድ አይጠፋም።»

ሁለቱ ጎረቤቶች ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። አያ ወልደ ሥላሴም ሊስቁ ነበር፤ ግን ቀና ብለው የልጅቱን ፊት አዩና ተዉት። የቆዩ ሽማግሌ ናቸው። በር ሲከፈትላቸው ያውቃሉ።

«መሪጌታ፣ ይፈቀድልኝና» አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «ባለፈው ስንመጣ ‹ልጅዎን› አልን እንጂ ስም ጠራን?»

«አልጠራችሁም።»

«እርስዎስ ሲሰጡን ስም ጠሩ?»

መሪጌታ አሰቡ። እታለምን የጠሯት እጅ ንሺ ለማለት ነው፤ እሱ ከሰጡ በኋላ ነው። «ስሰጥ አልጠራሁም» አሉ ቀስ ብለው።

«እንግዲያማ የርስዎም ቃል፣ የኛም ቃል እንዳለ ነው። ቤቱም፣ እግዜር ይመስገን፣ ባዶ አይደለም።»

ሕሊና የተከለከለችውን ረስታ የጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር። መሪጌታ ዞረው አዩዋት። ከዚያ እታለምን አዩ፤ ከዚያ እንደገና እሷን። ዕድሜያቸውን በሙሉ ያልተባለውን ሲሰሙ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ይህን ለመስማት ጊዜ አልወሰደባቸውም። ወደ ታላቂቱ ልጃቸው ሲመለሱ ዐይናቸው ላይ ሕሊና አይታው የማታውቀው ነገር ነበር፤ መምህር ተማሪው በልጦ ሲገኝ የሚያይበት አስተያየት።

«ተራ የባለተራው ነው» አሉ። «እሷ ከለቀቀችው እኔ ማን ነኝ።»

ወሬው ቡሬን ለመዞር አንድ ገበያ በቃው። የተማረ ጠያቂ ደጇ መጥቶ እምቢ ያለችው እታለም ተባለ። ነጋዴዎች ሊያዩዋት ሲሉ ብቻ ዋጋ የሚጠይቁ ሆኑ፤ ከሽንዲ ድረስ አንድ ባለ ወፍጮ ሽማግሌ ቢልክ እሱንም እምቢ አለችው። አሁን ማንንም አልገረመም። እምቢታ ልማዷ ነው አሉ፤ ስሟ ከፍ ብሎ ዋለ። ስመኘው ይቅርታ ሊጠይቃት መጋዘኑ ሲመጣ ሚዛኑን ሳትለቅ ስንት ኪሎ ልስጥህ አለችው። ምንም አልገዛም ቢላት ታዲያ በር አትዝጋብኝ ብላ ወደሚቀጥለው ገዥ ዞረች።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ሆነ። በዋዜማው ቀትር ላይ ቤቱ በዘመድ ተጨናንቆ፣ ዳሱ ሲጣል የመዶሻው ድምፅ ሲመጣ፣ እታለም ሕሊናን ወደ ጓሮ ወሰደቻት። ፀጉር ሠሪ ተጠርታ ነበር፤ እታለም ግን የእህቴን ፀጉር ሌላ ሰው አይሠራውም አለች። በርጩማ ላይ ተቀመጠች፣ ሕሊናን ከጉልበቷ መሀል መሬት ላይ አስቀመጠቻት፣ ፀጉሯንም በማበጠሪያ ከፈለችው።

ሕሊና ብዙ ቀን ይዛው የቆየችውን ልትጠይቃት ፈለገች። «እትዬ» አለች።

«ዝም ብለሽ ተቀመጪ። ይጣመምብኛል።»

ተቀመጠች። እታለም አንዱን ሹሩባ ጨርሳ ሌላ ያዘች። ጣቶቿ ፈጣኖች፣ ሳይጎትቱ የሚያጠብቁ ነበሩ። ከዳሱ በኩል ሰው ይሳሳቃል። ያኔ እታለም ሳትጠየቅ፣ ሥራዋን ሳታቋርጥ ተናገረች።

«ሁለት ሳምንት ባል ነበረኝ» አለች። «ክፉ ቃል አልወጣውም። ደህና ሰው ነበር።»

ሕሊና ዞራ ልታያት ፈለገች። ፀጉሯ ግን በእህቷ እጅ ነበርና አንገቷን ማዞር አልቻለችም።